ልጃችሁ ታሪክ እያጠናችም ለሕክምና መዘጋጀት ትችላለች

አሜሪካ ባለ የሐበሻ ቤት ኤፕሪል ሲደርስ የሚነሳ ክርክር አለ። ልጅቷን ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንደኛው ትልቁ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የራሱ ሆስፒታል አለው፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ሌላው ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪ ያለው፣ ከከተማ ወጣ ያለ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው፤ ወጪውን ግን አብዛኛውን ሸፍኖላታል። አባት ግራ ይገባዋል። «ሐኪም እሆናለሁ ስትይ አልነበር እንዴ? ታዲያ እዚያ ሄደሽ ምን ልትማሪ ነው?» ልጅቷ ታሪክ ማጥናት እንደምትፈልግ የተናገረች ዕለት ደግሞ ቤቱ ይናወጣል።

የአባትየው ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም። እኛ የምናውቀው አሠራር ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕክምና የሚገባው ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ነው፤ ውጤትህ ይወስናል፣ ትመደባለህ፣ ከዚያ በኋላ ሕይወትህ ሁሉ ሕክምና ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ከጥቂት ልዩ ፕሮግራሞች በስተቀር የሕክምና ትምህርት ቤት የሚቀበለው የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ሰው ነው። አራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከዚያ እንደ ዘርፉ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ መሠልጠን። ነገሩ የቆየ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1893 ሲከፈት ዲግሪ የሌለውን አልቀበልም አለ። በ1910 ደግሞ አብርሃም ፍሌክስነር የአሜሪካንና የካናዳን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ አይቶ ጠንካራ ሪፖርት ጻፈ፤ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ፊዚክስ ሳይማሩ ሕክምና መግባት እየቀረ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። ፕሪ-ሜድ የሚባለው ነገር በአብዛኛው ኮሌጅ ዲፓርትመንት አይደለም፣ ዲግሪም አይደለም። ተማሪው ሕክምና ለመግባት አስቦ የሚወስዳቸው ኮርሶች ስብስብ ነው። እነሱም አንድ ዓመት ባዮሎጂ፣ አንድ ዓመት አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ አንድ ዓመት ፊዚክስ፣ ሁሉም ከነላቦራቶሪያቸው (ላብ)። ከዚያ ባዮኬሚስትሪ፣ ሒሳብ ወይም ስታትስቲክስ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂም ለመግቢያ ፈተናው ይጠቅማሉ። ትምህርት ቤቶቹ በዝርዝሩ ላይ ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፣ ግንዱ ግን ይሄ ነው። ሜጀር፣ ማለትም ዲግሪ የምትይዝበት ዋና ትምህርት፣ የፈለገችው ሊሆን ይችላል። ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሙዚቃ፣ ፍልስፍና፣ ባዮሎጂ። እነዚህን ኮርሶች ጎን ለጎን በጥሩ ውጤት ከጨረሰች ማንም «ለምን ታሪክ አጠናሽ» ብሎ በር አይዘጋባትም።

ምሳሌ ካስፈለገ ሃሮልድ ቫርመስን ውሰዱ። አምኸርስት በሚባለው ትንሽ ኮሌጅ ያጠናው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ሃርቫርድ ሄዶ በሥነ ጽሑፍ ማስተርሱን ሠራ። ከዚያ ኮሎምቢያ ሕክምና ተማረ፣ በ1989 በካንሰር ጂኖች ላይ በሠራው ጥናት የኖቤል ሽልማት ተካፈለ፣ ቆይቶም የአሜሪካን ብሔራዊ የጤና ተቋማት መርቷል። እሱ ልዩ ሰው ነው ትሉ ይሆናል። እሺ፣ የብዙ ተማሪ ልምድም አለ። ኒውዮርክ ያለው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ1987 ጀምሮ የሥነ ጽሑፍና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ሳይጠይቅ፣ የመግቢያ ፈተናም ሳያስፈትን ይቀበል ነበር። በ2010 የታተመ ጥናት እነዚህን ተማሪዎች ከሌሎቹ ጋር አወዳድሮ በሕክምና ትምህርታቸው እኩል እንደሚሄዱ አሳየ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ግን አሁንም ኮርሶቹን ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ኬሚስትሪውን እንዳትተዉት።

ሊበራል አርትስ የሚለው ስምም ያደናግራል፤ ሥዕልና ቲያትር ብቻ የሚሰጥ ይመስላል። አይደለም። እነዚህ ኮሌጆች ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ በደንብ ያስተምራሉ፤ ዋና ጠባያቸው ትኩረታቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ላይ መሆኑ፣ ክፍሎቻቸው ትንንሽ መሆናቸውና ተማሪው ከሜጀሩ ውጪም ሰፋ አድርጎ እንዲማር ማስገደዳቸው ነው። በ2020 በኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘችው ጄኒፈር ዳውድና ኬሚስትሪን የተማረችው ካሊፎርኒያ ባለው ፖሞና ኮሌጅ ነው። ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው አካባቢዎችም ሩቅ አይደሉም። ማካሌስተር እዚያው ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ነው። ካርልተንና ሴንት ኦላፍ ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ቢነዳ የሚደረስባት ኖርዝፊልድ ውስጥ ናቸው። አትላንታ ያለው ስፔልማን ለጥቁር ሴቶች የተቋቋመ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው፤ ብዙ ጥቁር ሴት ሐኪሞችን በማውጣት ስሙ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የኮሌጁ ስም ወይም ሜጀሩ ልጃችሁን ሐኪም አያደርጋትም፣ አይከለክላትምም። ብዙ ጊዜ ሐሳቡ የሚሰናከለው በኮርሶቹ ቅደም ተከተልና በመጀመሪያው ዓመት ውጤት ነው።

ቅደም ተከተሉን እንይ። ኬሚስትሪ ሰንሰለት ነው። አጠቃላይ ኬሚስትሪን ሳትጨርሱ ኦርጋኒክ አትገቡም፣ ኦርጋኒክን ሳትጨርሱ ባዮኬሚስትሪ አትገቡም። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጀመሪያው የኦርጋኒክ ኮርስ በየሴሚስተሩ ሊሰጥ ይችላል፣ ክረምትም ይኖራል። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው፤ ያ ሴሚስተር ካመለጠ አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነው። ሕክምናን የምታስብ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት አጠቃላይ ኬሚስትሪን ብትጀምር ሁለተኛ ዓመት ላይ ኦርጋኒክ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ባዮኬሚስትሪ ይደርሳል፣ ፈተናውንም በጊዜ ትወስዳለች። ሐሳቧን ዘግይታ የቀየረችና ኬሚስትሪን ሁለተኛ ዓመት ላይ የጀመረች ልጅ አልጠፋችም፤ የምታመለክተው ከተመረቀች በኋላ ይሆናል፣ ያ ብቻ ነው። ሌላ አገር ሄዶ አንድ ሴሚስተር መማር በእነዚህ ኮሌጆች የተለመደና ደስ የሚል ነገር ነው፣ እኔም ሂዱ ነው የምለው። ግን የላብ ኮርሶቹን እዚያ ለመውሰድ አታስቡ፤ የትኛው ሴሚስተር ባዶ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ ከአማካሪው ጋር በወረቀት ላይ አስቀምጡት።

ስለ ውጤት ደግሞ በግልጽ እናውራ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ጎበዝ ልጆች የሚሰበሩት። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሁሉንም ኤ ያመጣች ልጅ ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ሴሚስተር ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ካልኩለስ በአንድ ላይ ትወስዳለች፣ ቤተሰቧም ይኮራል። ሁለት ሲና ሁለት ቢ ይዛ ትመጣለች። ሒሳቡን እንሥራው፤ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ተብሎ ነው የሚቆጠረው። በሴሚስተር አራት ኮርስ ቢወሰድ በአራት ዓመት 32 ኮርስ ይሆናል። የመጀመሪያው ሴሚስተር 2.5 ከሆነ በመጨረሻ 3.7 ላይ ለመድረስ የቀሩትን 28 ኮርሶች በአማካይ 3.87 ማምጣት አለባት። ይቻላል፤ ግን ሦስት ዓመት ተኩል ያለ ምንም መንሸራተት ማለት ነው። ቅርብ ባሉት ዓመታት የሕክምና ትምህርት ቤት የገቡት ተማሪዎች ጂፒኤ (የኮርሶቹ ሁሉ አማካይ ውጤት) በአማካይ 3.8 አካባቢ ነው። ስለዚህ ምክሬ ቀጥተኛ ነው፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ የላብ ሳይንስ፣ በጣም ከበዛ ሁለት። ሦስተኛውን አቆዩት። የቀሩትን ሰዓቶች የምትወዱትን ኮርስ ውሰዱበት፣ የመጻፍ ኮርስ ውሰዱበት። መቸኮል ማንንም ቶሎ ሐኪም ሲያደርግ አላየሁም።

ፈተና ላይ የወደቀ ልጅ ለቤተሰቡ አይናገርም፤ ይህንን እናውቃለን። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ግን የአስተማሪው ቢሮ ክፍት ነው፣ ነፃ አስጠኚ አለ፣ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ኮርሱን መልቀቅ የሚቻልበት ቀንም አለ። ትራንስክሪፕት ላይ አንድ ደብልዩ (ኮርሱ መለቀቁን የሚያሳየው ምልክት) መታየቱ ከዲ በጣም ይሻላል። ልጆች ይህን እንዲያደርጉ ቤት ውስጥ ያለ ፍርሃት መናገር መቻል አለባቸው። እናንተም «ስንት አመጣሽ» ከማለታችሁ በፊት «የትኛው ከበደሽ» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላ ሳይታወቅ የሚጎዳ ነገር አለ። ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻው የሚሄደው በአብዛኛው አምካስ በሚባለው ማዕከላዊ ሥርዓት ነው። አምካስ ልጃችሁ በሕይወቷ የወሰደቻቸውን የኮሌጅ ኮርሶች በሙሉ ይጠይቃል፣ ጂፒኤውንም ራሱ ደግሞ ያሰላል፤ የሳይንስና የሒሳቡንም ለብቻ አውጥቶ ያያል። አንድ ኮርስ ተደግሞ ቢወሰድ ሁለቱም ውጤቶች ይቆጠራሉ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ከኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመቱ የአካባቢ ኮሌጅ) የወሰደቻቸውም ኮርሶች መቆጠራቸው ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ልጆቻችን «ክሬዲት ይሆነኛል» ብለው በ16 ዓመታቸው ይወስዱታል፤ ያኔ ሳያስቡበት የመጣ ሲ ከስድስት ዓመት በኋላ ማመልከቻው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ራሱ ችግር የለውም፤ ብዙ ሐኪሞች ከዚያ ጀምረዋል። እዚያ ኬሚስትሪ የወሰደ ልጅ አራት ዓመት ወዳለው ኮሌጅ ሲዛወር ከፍ ያሉ የሳይንስ ኮርሶችን ጨምሮ ቢወስድና ጥሩ ቢያመጣ ጥያቄው ይዘጋል።

የመግቢያ ፈተናው ኤምካት ይባላል። ከነእረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። አራት ክፍል አለው፤ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው፣ የገቡት ሰዎች አማካይ 511 እና 512 አካባቢ ነው። ሦስቱ ክፍሎች ከላይ የዘረዘርኳቸውን ሳይንሶችና ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ ይፈትሻሉ። አራተኛው ግን ሳይንስ የለውም። ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ፍልስፍና የተጻፉ ረጃጅም አንቀጾች ይሰጣሉ፤ ጸሐፊው ምን ለማለት እንደፈለገ፣ ክርክሩ የት ላይ እንደሚላላ መለየት ነው። ይህን ክፍል በሁለት ወር ሸምድዶ ማለፍ ያስቸግራል። አራት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ያነበበች፣ በየሳምንቱ ድርሰት ጽፋ አስተማሪዋ በቀይ ያረመላት ልጅ ግን ተዘጋጅታ ነው የምትገባው። የታሪክ ሜጀሯ እዚህ ላይ ይከፍላታል። ፈተናውን ለሙከራ ብሎ መውሰድ አይመከርም፤ ውጤቱ ተመዝግቦ ይቀራል፣ በዕድሜ ዘመን የሚፈቀደውም ሰባት ጊዜ ብቻ ነው።

ትንሽ ኮሌጅ ከትልቁ የሚበልጥበት ነገር ብዬ የማምነው አንድ ነው፤ ሰው ያውቃችኋል። ማመልከቻው የአስተማሪ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ከሳይንስ አስተማሪም ጭምር። ሦስት መቶ ተማሪ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ኤ ያመጣች ልጅ ደብዳቤ ስትጠይቅ አስተማሪው ስሟንና ውጤቷን ከኮምፒውተር ላይ አይቶ ነው የሚጽፈው። ሃያ ተማሪ ባለበት ክፍል ግን አስተማሪው ራሱ ላቦራቶሪው ውስጥ አብሯት ቆሟል። ሙከራው አልሠራ ሲል ምን እንዳደረገች፣ ያልገባውን ጓደኛዋን እንዴት እንዳስረዳች ያውቃል። ምርምርም እንዲሁ ነው። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ መሣሪያ አለው፤ ግን ዋናውን ሥራ የሚሠሩት የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። ትንሹ ኮሌጅ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ስለሌለ ፕሮፌሰሩ የሚያሠራው የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ልጆችን ነው፣ ክረምትም ብዙ ጊዜ ይከፍላቸዋል። ግን በር አንኳኩቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጨዋ ሆኖ ከኋላ መቀመጥ የተማረ ልጅ እዚህ ላይ ይጎዳል። ወደ አስተማሪ ቢሮ መሄድ ድፍረት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የሚጠበቅ መሆኑን ቤት ውስጥ ንገሯቸው።

ብዙዎቹ ኮሌጆች የጤና ሙያ አማካሪ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ኮሚቴ አላቸው። ኮሚቴው ተማሪዋን ያነጋግራል፣ የአስተማሪዎቹን ደብዳቤዎች ሰብስቦ በኮሌጁ ስም አንድ ትልቅ ደብዳቤ ይጽፋል። ይህ ሲገኝ ኃይል አለው። እዚህ ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ጉብኝት ስትሄዱ «ካመለከቱት ተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ሕክምና ይገባሉ» የሚል ደስ የሚል ቁጥር ይነግሯችኋል። ከአገር አቀፉ ጋር ሲተያይ ያስደንቃል፤ በዓመት ከሚያመለክተው 50 ሺህ ገደማ ሰው የሚገባው 23 ሺህ ያህል ነውና። ግን ቁጥሩ የሚቆጥረው እስከ መጨረሻው ደርሰው ያመለከቱትን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ አቅቷቸው የተዉት አይቆጠሩም። አንዳንድ ኮሌጅ ደግሞ ውጤታቸው ዝቅ ላሉት የኮሚቴ ደብዳቤ አልጽፍም ይላል፣ ያኔ እነሱም ከቁጥሩ ይወጣሉ። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ በመጀመሪያው ዓመት ሕክምና አስባለሁ ካሉት ስንቶቹ ደርሰው አመለከቱ? ኮሚቴው ደብዳቤ የማይጽፍለት ተማሪ አለ? ከተመረቀ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ለሚያመለክትስ ይጽፋል? አማካሪው አንድ ሰው ለስንት ተማሪ ነው? መልሱን በግልጽ የሚሰጥ ኮሌጅ ልጃችሁን በአደራ ልትሰጡት ትችላላችሁ።

የሚጎድለውንም ልናገር። ትንሽ ኮሌጅ ግቢው ውስጥ ሆስፒታል የለውም፣ ሕመምተኛ ጋ መድረስ ደግሞ የግድ ነው። ሐኪም ተከትሎ ሥራውን ማየት አለ፣ በጎ ፈቃድ አለ፣ ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራም አለ፤ እንደ ነርስ ረዳት፣ እንደ አምቡላንስ ባለሙያ፣ ሐኪሙ ሲመረምር ማስታወሻ እንደሚይዝ ጸሐፊ። ገጠር ያለ ኮሌጅ ውስጥ ለዚህ መኪና ሊያስፈልግ ይችላል፤ አንዳንዱ ኮሌጅ ማመላለሻ ያዘጋጃል፣ ይህም ከምርጫ በፊት የሚጠየቅ ነው። በትምህርት ወቅት ካልተቻለ ክረምት ላይ ይሠራል።

የእኛ ልጆች ግን ማንም ያልነገራቸው አንድ ሀብት አላቸው። ስንቶቹ ናቸው በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር ክሊኒክ ገብተው ሐኪሙ ያለውን ወደ አማርኛ፣ እናት ያለችውን ወደ እንግሊዝኛ ሲያመላልሱ ያደጉት። እንዲህ መሆን አልነበረበትም። የፌዴራል ደንቡ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ሕፃን ልጅን ማስተርጎም አይፈቅድም፤ ሆስፒታሉ ብቁ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፣ በነፃ። ልጆቹ ግን ያዩትን አይተዋል፤ እናት የሆነውን ሁሉ ሳትናገር ስትቀር፣ «ደህና ነኝ» ስትል፣ ሐኪሙ ሰዓቱን ሲያይ። 18 ዓመት ሲሞላ ይህን ወደ ሙያ መለወጥ ይቻላል። ቢያንስ 40 ሰዓት የሚፈጅ የሕክምና አስተርጓሚ ሥልጠና አለ፣ የብሔራዊ ማረጋገጫ ፈተናም አለ። አማርኛ ደግሞ ተፈላጊ ነው፣ በተለይ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፤ ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የሕመምተኛን ሚስጥር ጠብቆ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያስተረጎመ የኮሌጅ ተማሪ ከሐኪሙ ጀርባ ቆሞ ካየው ተማሪ የበለጠ የሚናገረው አለው። አምካስ ላይ 15 ተግባራት የሚመዘገቡበት ቦታ አለ፤ ይሄኛውን ከላይ አስቀምጡት። አያትን ማስታመምና ታናናሾችን ማሳደግም ይመዘገባል፤ ልጆቻችን «ይሄ እኮ የቤት ውስጥ ሥራ ነው» ብለው ይተዉታል።

ሕክምና ብቻ አይደለም የጤና ሙያ፣ በእኛ ቤት ግን ሌላው ሁሉ የተሸነፈ ሰው ምርጫ ይመስላል። ያሳዝነኛል፤ ልጆች የማይፈልጉትን አሥር ዓመት እንዲጎትቱ ያደርጋል። ፊዚሺያን አሶሺየት ወይም ፒኤ የሚባለው ሙያ ከዲግሪ በኋላ 27 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ፕሮግራሞቹ ግን ከሕመምተኛ ጋር የተሠራ ብዙ ሰዓት ይጠይቃሉ፣ አንዳንዱ ከአንድ ሺህ በላይ። ፊዚካል ቴራፒ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ዶክትሬት ነው። የጥርስ ሕክምና አራት ዓመት ነው፣ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው። ፋርማሲ ብዙ ጊዜ ዲግሪ እንኳ ሳይያዝ የሁለት ዓመት ኮርስ ተጨርሶ ይገባል፤ የድሮው መግቢያ ፈተናውም በ2024 መጀመሪያ ላይ ቀርቷል። ልብ በሉ፣ ፒኤ፣ ነርሲንግና ፊዚካል ቴራፒ የሰው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ይጠይቃሉ፤ ለሐኪምነት ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፣ ትንሽ ኮሌጅም በየዓመቱ ላይሰጠው ይችላል። አስቀድማችሁ እዩ።

ነርስ መሆን የቆረጠች ልጅ ካለች ግን በግልጽ እነግራችኋለሁ፤ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ለእሷ የግድ ጥሩው መንገድ አይደለም። አብዛኞቹ የነርሲንግ ዲግሪ የላቸውም። ሴንት ኦላፍና ኬንታኪ ያለው ቤሪያ አላቸው፤ ቤሪያ የትምህርት ክፍያም አያስከፍልም። ሌላ ቦታ የተማረች እንደሆነ ዲግሪዋን ይዛ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል የሚፈጅ የተፋጠነ የነርሲንግ ፕሮግራም መግባት ትችላለች፣ ግን ያ ተጨማሪ ወጪ ነው። በ17 ዓመቷ ነርስነትን በእርግጠኝነት የምታውቅ ልጅ በቀጥታ ነርሲንግ ብትገባ ይሻላታል።

ሐኪም ወደመሆን ስንመለስ፣ ማመልከቻው የሚከፈተው ሜይ ላይ ነው፤ የሚገባው በቀጣዩ ዓመት ክረምት። አንድ ዓመት ቀድሞ ነው የሚታመለከተው ማለት ነው። ትምህርት ቤቶቹ እየተቀበሉ ቦታ ይሞላሉ፤ ጁን ላይ ያስገባችና ኦክቶበር ላይ ያስገባች ልጅ እኩል ዕድል የላቸውም። ያለ እረፍት በ22 ዓመት ለመግባት ሁሉም በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ መጠናቀቅ አለበት፣ ፈተናውም ጭምር። ዛሬ ከሚገቡት ከግማሽ በላይ ግን ከተመረቁ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ሠርተው ነው የሚያመለክቱት። ልጃችሁ «አንድ ዓመት ልሥራ» ብትል ተስፋ ቆርጣለች ማለት አይደለም፣ ለዘመድ የምትነግሩት ነገር አሳስቧችሁ አታጣድፏት።

ገንዘቡ ደግሞ ተለውጧል። ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደር የሕክምና ተማሪ የፌዴራል ብድር በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ይቆማል። ቀድሞ የቀረውን ሁሉ ይሸፍን የነበረው ብድር ለአዲሶች የለም። ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከነኑሮው ከዚህ ይበልጣሉ። ስለዚህ ኮሌጅን ያለ ዕዳ መጨረስ ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ አለው፤ አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው ትንሹ ኮሌጅ ስሙ ከሚታወቀው ትልቁ ጋር ሲወዳደር ይህ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ነፃ የሆኑም አሉ። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ከ2018 ጀምሮ፣ ብሮንክስ ያለው አልበርት አይንስታይን ከ2024 ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎችን የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም፤ ጆንስ ሆፕኪንስም ገቢው ከ300 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰብ ክፍያውን ትቷል።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለመጣ ልጅ ነገሩ ከባድ ነው፣ ማለዘብም አልፈልግም። ኮሌጁ ራሱ ሊገኝ ይችላል፤ አምኸርስትና ቦውደን የውጭ አገር ተማሪን ሲቀበሉ የገንዘብ አቅሙን አያዩም፣ ከተቀበሉ ደግሞ የሚጎድለውን ይሞላሉ። ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ይፈልጋሉ። የውጭ አገር ተማሪን ከሚቀበሉት ጥቂቶች መካከልም አንዳንዶቹ የበርካታ ዓመት ክፍያ አስቀድሞ በባንክ እንዲያዝ ይጠይቃሉ። የፌዴራል ብድሩም አይፈቀድለትም። ይህን የሚያውቅ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ጀምሮ ለምርምር ዶክትሬት ወይም ለሕዝብ ጤና ማስተርስ የሚሆን ሁለተኛ ዕቅድ ጎን ለጎን ይይዛል፤ የሳይንስ ዶክትሬት ፕሮግራሞች የውጭ አገር ተማሪን ይቀበላሉ፣ በአብዛኛውም ይከፍሉታል። ጥገኝነት ያገኘና ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው ግን ከዚህ ይለያል፤ የፌዴራል እርዳታ ይፈቀድለታል።

ማመልከቻው ራሱም ወጪ አለው። ኤምካት ከ300 ዶላር በላይ ነው፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለየብቻ ይከፈላል፤ አሥራ አምስትና ሃያ ቦታ ማመልከት የተለመደ ስለሆነ ሺዎች ውስጥ ይገባል። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ማኅበር ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ቤተሰቦች የክፍያ እርዳታ አለው፤ የፈተናውን ዋጋ ይቀንሳል፣ እስከ 20 ለሚደርሱ ትምህርት ቤቶች የአምካስን ክፍያ ያነሳል፣ የመለማመጃ መጻሕፍትም ይሰጣል። የተከፈለን ግን አይመልስም። እርዳታው የተፈቀደላችሁ ለፈተናው ከመመዝገባችሁ በፊት መሆን አለበት፣ የወላጆችን የታክስ ወረቀትም ይፈልጋልና በጃንዋሪ አዘጋጁት።